በሩ ላይ የሞላሁት ወረቀት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ እዚሁ ጅማ ወዳለ አንድ መዝናኛ ፓርክ ሄጄ ነበር። የልጆች ባቡር ላይ ለመውጣት አንድ ሰዓት ለሚሞላ ጊዜ ያህል ተሰለፍን። በመሀል ዝናብ ወረደ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ልምጣ ብሎ አይጠይቅም። መጠለያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሻይ ቡና ላዘዘ ሰው። ትንሿ ልጄ ሽንቴ መጣ አለች። ሽንት ቤቱ ተቆልፏል። ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ምሳ ወጥቷል ተባልን።

ልንወጣ ስንል በሩ ላይ አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ቆማለች። "እትዬ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ አስተያየት ይሙሉልኝ" አለችኝ። አለቃዋ ከኋላዋ ቆሟል። አምስት ጥያቄ ነበር። አምስቱም ላይ "በጣም ጥሩ" የሚለውን አከበብኩ።

ወረቀቱን ስመልስ ከሥሩ ያሉትን አየሁ። ሁሉም እንደኔው ነው። አንዱን የሞላችው ከፊቴ የነበረች እናት ናት፤ ሽንት ቤት ፍለጋ አብረን ስንዞር የነበረች።

ውሸታሞች ሆነን አይደለም። ይሉኝታ ነው። ልጅቷ ነገ ገበያ ላይ ታገኘኛለች። "መጥፎ" ብዬ ባከብ እንጀራዋ ላይ የመጣሁ መሰለኝ። ይሉኝታችንን ክፉ ነገር ነው አልልም፤ አብረን የምንኖረው በእሱ ነው። ግን ሠራተኛ ፊት ለፊት ቆሞ፣ አለቃው እያየ የሚሞላ መጠይቅ እኛ ዘንድ እውነት አያመጣም። ባለቤቱ ያንን ክምር አይቶ ሁሉ ነገር ሰላም ነው ብሎ ያድራል።

ሌላ አገር መላ አበጅተውለታል። ሃፒ ኦር ኖት የሚባል የፊንላንድ ድርጅት በአራት ቁልፍ ላይ አራት ፊት የተሳለበት ማሽን ይሠራል፤ ከሚስቀው አረንጓዴ እስከ ተኮሳተረው ቀይ። አየር ማረፊያና ሱቅ ውስጥ ያቆሙታል። ሰው ሲያልፍ አንዱን ተጭኖ ይሄዳል። ስም አይጠየቅም። ማሽኑ ግን ሰዓቱን ይይዛል። ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ቀዩ ከበዛ፣ ያኔ ምን እንደተጓደለ ሄዶ ማየት ነው። የኛው ባለቤት ይህ ቢኖረው የሽንት ቤቱን ቁልፍ ነገር በዚያው ቀን ይደርስበት ነበር።

ማሽኑ ውድ ነው ከተባለ፣ እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። ለገባው ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ ቡና ይሰጠው። ከመውጫው ራቅ ብሎ፣ በመጋረጃ ተከልሎ፣ ሦስት ሳጥን ይቀመጥ፤ ጥሩ፣ ደህና፣ መጥፎ። በየሁለት ሰዓቱ ይቆጠር። ማንበብ የማይችልም፣ ሕፃንም ፍሬዋን መጣል አያቅተውም። ያኔ የተሰጠኝ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ነበር። ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ፣ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ አባት ምን ሊሞሉ ነው?

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ጨርሶ ያልገባው ሰው ነው። በር ላይ ዋጋ ጠይቆ፣ የልጁን እጅ ይዞ የተመለሰ አባት አይቻለሁ። እሱን የጠየቀው የለም። መውጫ ላይ የሚቆም ጠያቂ የሚያገኘው ከፍሎ የገባውን ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ መግቢያው ላይ ቆሞ "ለምን ተመለሱ?" የሚል ይኑር።

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊያይ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አንዴ አይቶ ሊሄድ ይችላል። የልጆች መዝናኛ ግን የሚኖረው በኛው በከተማው ሰዎች መመለስ ነው። ስለዚህ ውጤቱንም በሩ ላይ ይለጥፉልን። "ሽንት ቤት ተቆልፏል ብላችሁ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ቁልፉ እዚህ ነው" የሚል አንድ ወረቀት ይበቃኛል። ያኔ በሚቀጥለው ስጠየቅ የሆነውን እጽፋለሁ።

አለቃዋ ይህን ካነበበ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። በትሕትና ነው የጠየቀችኝ፤ ዝናቡ ላይ ቆማ።

የሁለት ልጆች እናት
ከጅማ