ምክንያቱ ሳይታወቅ አትዋጪ

ይድረስ ለልጄ፣

ወንድምሽ ሁሉንም ነገረኝ። የወር አበባሽ ደም ሳይቆም ሦስተኛ ሳምንቱን መያዙን፣ ደረጃ ስትወጪ ዓይንሽ ጭልም ብሎብሽ ግድግዳ መደገፍሽን፣ ከፋርማሲ ደም የሚያቆም ክኒን ገዝተሽ መዋጥሽን። እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው የደበቅሽኝ፤ አንጀቴን በላሽው። ግን ልጄ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ አትዋጪ።

ዕድሜዬን በአዋላጅነት የፈጀሁ እናትሽ ነኝ። የወር አበባ ከ24 እስከ 38 ቀን ባለው ጊዜ ቢመላለስ፣ እስከ 8 ቀንም ቢፈስ ደንብ ነው፤ ያንቺ ከደንቡ ወጥቷል። ፖሊፕ ወይም ማዮማ የሚባል የማህፀን እባጭ ሊሆን ይችላል። እንቁላል በወቅቱ ካለመውጣት ወይም ታይሮይድ ከሚባለው የአንገት ዕጢ መዛባትም ይመጣል። ልጅ ሳለሽ ጥርስሽን ተነቅለሽ ትራሱ በደም ርሶ ያደረበትን ሌሊት ለሐኪሟ ንገሪያት፤ አብሮ የሚወለድ የደም አለመርጋት ችግርም አለና።

ከሁሉ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታዝልሻለች፤ እንዳትቆጪ። ከማህፀን ውጭ ያለ ፅንስም ያደማል፣ እሱ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ተወግተሽ እንደሆነ እኔ አልጠይቅሽም፤ ከእሷ ግን አትደብቂ፣ መርፌውም ደም ያዛባል። የደም ማነስ ምርመራና አልትራሳውንድ ሳይደረግልሽ እንዳትመለሺ።

አክስትሽ ካረጠች ከዓመታት በኋላ ጠብ ጠብ ሲልባት ጎረቤቱ ወጣትነትሽ ተመለሰ እያለ አሳቃት። ደም የሚያቆም ነው የተባለ ሥር እየበጠበጠች ትጠጣ ነበር፤ አንዳንድ ሳምንት ቀጥ ይልና ተሻለኝ ትላለች። እኔ የነቃሁት ነጭ ቀሚሷን ትታ በዓል በመጣ ቁጥር ጥቁር ስትለብስ ነው። ያረጠች ሴት አንዲት ጠብታም ብታይ መመርመር አለባት፤ የማህፀን ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዚያ ነው። ናሙና ሲወሰድላት ተሰራጭቶ ነበር። ፀጉሯን የማበጥራት እኔ ነበርኩ፤ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያንቺ ካንሰር ነው አላልኩም፤ በአንቺ ዕድሜ እምብዛም ነው። አትዋጪ ነው ያልኩሽ።

ነገ ጠዋት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አስፕሪን አትንኪ። በሰዓት አንድ ሞዴስ ሞልቶ ሁለት ሰዓት ከቀጠለ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ። ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ፤ ለምርመራው ነው፣ የቤት ኪራይ እንዳትከፍዪበት። ክኒኑን ከነካርቶኑ ይዘሽ አሳያት። ውጤቱን እንደሰማሽ ደውይልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

እናትሽ