ሙስሊም ሴቶች በአሜሪካ ፊልም፦ የቀጣዩ ውይይታችን ርዕስ

ውድ አባላት፣

በቀጣዩ ውይይታችን የአሜሪካ ፊልሞች ሙስሊም ሴቶችን የሚያሳዩበትን መንገድ እንመረምራለን። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከአሜሪካና ከሌሎች ሦስት አገሮች 200 ተወዳጅ ፊልሞችን ፈትሾ፣ ከሚናገሩት ገጸ ባሕርያት ሙስሊሞቹ 1.6 በመቶ ብቻ እንደሆኑ፣ ከእነዚያም ሴቶቹ ሩብ እንደማይሞሉ አሳይቷል። ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን አቀራረቡ ነው፤ ቤቷ ውስጥ ከእናቷና ከእህቶቿ ጋር ብቻ ሆና ሳለ ሒጃቧን (በባዕድ ወንዶች ፊት የሚደረገውን የራስ መሸፈኛ) ያላወለቀች ሴት ባየን ቁጥር፣ ድርሰቱ ሲጻፍ የሚያውቅ ሰው እንዳልተጠየቀ እንረዳለን። በአንጻሩ የዳይሬክተር ኒጅላ ሙእሚን ፊልም «ጂን» (2018) እናቷ እስልምናን የተቀበለች ጥቁር አሜሪካዊት ወጣት እምነትን፣ ፍቅርንና ዳንስን በአንድ ሕይወት ስታስተናግድ በቅርበት ያሳየናል። እባካችሁ ቀድማችሁ ተመልከቱት፤ በተለይ የእናትና የልጅን ንግግር ልብ በሉ። ውይይቱንም ሙስሊም እህቶቻችን ቢከፍቱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።