በወረፋው ዳር ለቆምሽው ልጄ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማርታ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ቀኑን ቤተ ክርስቲያን ስለምትውል ስልኳን የምታነሳው ማታ ማታ ነው፤ ተቀይማኝ ነው እንዳትዪ።

በበጎ ፈቃደኝነት ካገለገልሽበት ከሊዝበኑ የዓለም ካቶሊክ ወጣቶች ጉባኤ ወደ ሚላኖ ተመልሰሽ የደወልሽ ዕለት፣ «አባዬ፣ ሰው ሁሉ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን አይቶ ተመለሰ፤ እኔ ወረፋ ሳስተካክል ከረምኩ» አልሽኝ። ያኔ ዝም ማለቴ የምለው ጠፍቶኝ ነው። እኔ ነገር የሚገባኝ ቆይቶ፣ እንጨት ስልግ ነው። ይኸው ሳምንት ሊሞላ ነው፣ ከእጄም ከሐሳቤም አልወጣሽም።

መጀመሪያ ካህን ተቀምጦ ኑዛዜ ስለሚሰማባቸው የእንጨት መናዘዣዎች ላንሳ። ሊዝበን ውስጥ ቤሌም በተባለው ሰፈር ያለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ 150 መናዘዣ ተደርድሮ እንደነበር፣ ሁሉንም የሠሩት በፖርቱጋል ማረሚያ ቤቶች ያሉ እስረኞች እንደሆኑ ስትነግሪኝ፣ የላክሽውን ፎቶ እንደገና ከፍቼ አየሁት። ስልኩ ላይ አስፍቼ መገጣጠሚያውን፣ ጠርዙን፣ የመንበርከኪያውን እግር ተመለከትኩ። አርባ ዓመት በአናጢነት ኖሬ ለቁምስናችን፣ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን፣ ወንበርም በርም ሠርቻለሁ፤ ከሥራዬ ፊት ቆሞ የሚጸልይ ሰው ሳይ ደስታዬ አይጣል ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ሠርተው አስረከቡ፣ መኪና ጭኖት ሄደ፣ እነሱ እዚያው ግቢያቸው ቀሩ። ማን እንደተንበረከከበት፣ ማን አልቅሶ እንደተነሳ አላዩም። ዓርብ ጠዋት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው መጥተው ሦስት ወጣቶችን ያናዘዙት እዚያው ነው። አንቺ በዚያ ሰዓት ውጪኛው በር ላይ ተመድበሽ መኪናቸው ሲያልፍ ብቻ እንዳየሽ ነግረሽኛል። እንጨቱን የላጉት ሰዎች ያንንም አላዩም፣ ልጄ።

ያ ቦታ በፖርቱጋላዊው መርከበኛ በቫስኮ ዳ ጋማ ስም መጠራቱንም ከአንቺ ሰማሁ። የልጁን የክሪስቶፎን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ በ1541 እ.ኤ.አ. በምጽዋ በኩል መጥቶ፣ በዓመቱ እዚሁ አገራችን የቀረው። አባትዬው ከዚያ ወደብ በመርከብ ተነሳ፣ ልጁ እኛ አገር ሞተ፣ የእኔ ልጅ ደግሞ እዚያ ቆማ ወረፋ ታስይዛለች። ይህን ሳስብ ብዙ ቆየሁ።

አሁን በስልክ ስለነገርሽኝ ስለዚያ ወጣት ላንሳ። ለመናዘዝ የመጡትን በቋንቋ በቋንቋ እየለየሽ በምታሰልፊበት ቀን፣ ተራው ሲቃረብ ተመልሶ መጨረሻ ላይ የሚቆም አንድ ወጣት አይተሽ ነበር። ሁለት ጊዜ እንዲያ አደረገ። ምንም ሳትጠይቂው የውሃ ጠርሙስ ሰጠሽው፣ በሦስተኛው ገባ። በስልክ ስትነግሪኝ እንደ ቀላል ነገር አልፈሽው ወደ ሙቀቱ ወሬ ሄድሽ። ለእኔ ግን ከሊዝበን ካመጣሽው ወሬ ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ እናትሽ ታውቃለች፣ ለአንቺ ግን ነግሬሽ አላውቅም።

ከአጎትሽ ጋር በአባታችን መሬት የተጣላን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ሳልናዘዝ ቆይቻለሁ። ቅዳሴ አልቀርም ነበር፤ አንቺን በእጄ ይዤ እመጣ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ለመናዘዝ የተቀመጡት ሰዎች መካከል እቀመጥና፣ ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ሰዓቴን አይቼ እነሳለሁ። ማንም አላየኝም፤ ወይም አይተውኝ ምን እንደሚሉኝ አላወቁም። አጎትሽ የታረቀኝ ሆስፒታል ተኝቶ ነው፤ ከዚያ በኋላ የኖረው አምስት ወር ነው። ተራውን እየለቀቀ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው በልቡ ምን እንደሚሸከም ስለማውቅ ነው ያን የውሃ ጠርሙስ ደጋግሜ የማስበው።

ሐሙስ ዕለት በኤድዋርዶ ሰባተኛ መናፈሻ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም፣ ለሁሉም፣ ለሁሉም ቦታ አላት ሲሉ በቴሌቪዥን አይተናል። በታጉስ ወንዝ ዳር ሚሊዮን ተኩል ሰው ያደረበትንም ዋዜማ አይተናል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በቅዱስ ቁርባን ፊት ጸጥ ሲል እናትሽ ቤት ውስጥ ተንበረከከች። ትልቅ ነገር ነው። ግን ያን ያህል ሕዝብ «ለሁሉም» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሲበተን፣ የአንዱን ሰው ፊት አይቶ ተራውን የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልጋል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አልጌሽ በተባለው ስፍራ 25 ሺህ የምትሆኑትን በጎ ፈቃደኞች ሰብስበው ያመሰገኗችሁ፣ ናዛሬ የምትባለውን የፖርቱጋል ባሕር ዳርቻ ሠላሳ ሜትር ማዕበል ያወሩላችሁ ሥራችሁን ቆጥረው መሰለኝ። አንቺ ግን ከሩቅ ነጭ ነጥብ ብቻ እንዳየሽ ነው የምትነግሪኝ።

የጉባኤው መሪ ቃል ማርያም ተነሥታ ፈጥና ሄደች የሚለው ነበር። ጉባኤው ባለቀ በነጋታው ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለገባ እናትሽ ነገሩን ተያይዞ የመጣ አድርጋ ነው የወሰደችው። እኔ ወንጌሉን ገልጬ ዝቅ ብዬ አነበብኩት። ኤልሳቤጥ ዘንድ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች ይላል፤ ምን ስትሠራ እንደከረመች ግን አንድ ቃል አልተጻፈም። አንዲት አሮጊት ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት የሚሠራውን እኛ እናውቃለን። ውሃ ይቀዳል፣ ይጋገራል፣ ይጠረጋል።

ሌላው ደህና ነው። ታናሽ ወንድምሽ የክፍለ ሀገር ጉዞውን ጨርሶ ተመልሷል። የቀጣዩ ጉባኤ በ2027 እ.ኤ.አ. ሴኡል መሆኑን ሰምቶ ከአሁኑ እሄዳለሁ እያለ ነው። እናትሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች፣ የሚመጣ ሰው ካገኘን እንልካለን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በቁምስናችን ያለው መናዘዣ መንበርከኪያው ተሰንጥቋል፣ ለመስቀል በዓል አዲስ ልሠራ እንጨት ገዝቻለሁ። የእነዚያ እስረኞች ሥራ ቀና ያለ፣ ጉልበት የማይጎዳ ይመስላል፤ ከፎቶው ግን ቁመቱን ማወቅ አልቻልኩም። በስንዝርም ቢሆን ከመሬት ስንት እንደነበር ካስታወስሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ