ጠመንጃው ይቆይ፣ ከወረቀቱ ጀምሩ

ጎንደር፣ ነሐሴ 6

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለዳዊት፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ በርትቷል፣ አንገረብም ሞልቷል። እናትህ ፍልሰታን እንደ ልማዷ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትውለው።

ልጅህ ማክዳ አጋዘን ማደን እፈልጋለሁ ብላ እንደያዘችህና ከየት እንደምትጀምር እንደጨነቀህ ነግረኸኛል። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ አንተ ባለህበት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ሳለሁ ያወቅሁትን ልጻፍልህ። ሕጉ በየጊዜው ይሻሻላል፤ የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የዘንድሮ የአደን መመሪያ ከዚህ ደብዳቤ ጎን አስቀምጠው። እኔና መመሪያው ካልተስማማን እሱን ስማ።

የጎንደር ልጅ ነኝና ጠመንጃ አውቃለሁ እንዳትል። በሠርጉም በልቅሶውም ተኩስ እየሰማህ አድገሃል፤ ያ እዚያ ጫካ ውስጥ አይጠቅምህም፣ ይጎዳሃል እንጂ። እዚህ አፈሙዙ ከኋላ ያለውን ሰው እያየ ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይጋደማል፣ ጥይት ጎርሶም ከሰው መሀል ይቀመጣል፤ ማንም አይቆጣም። እዚያ አንዱን ብቻ ብታደርግ አብሮህ የሚያድን ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ከእኛ ቤት የሚጠቅምህ ቢላዋው ነው። በሬ ሲታረድ፣ ሲገፈፍ፣ ቅርጫ ሲመደብ ያየ ሰው የአደኑን ከባድ ሥራ ግማሹን ያውቃል። ጠመንጃውን ግን ከልጅህ ጋር እኩል ተቀምጠህ እንደ አዲስ ተማር።

መጀመሪያ ወረቀቱ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጦር መሣሪያ ደህንነት ምስክር ወረቀት ከሌለው የአደን ፈቃድ ለመግዛት ይቸገራል፤ ይህ አንተንም ይይዝሃል። ለእሷ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይጀመርና ሜዳ ላይ በአካል ተገኝታ፣ ጠመንጃ ይዛ፣ በአስተማሪ ፊት የምትፈተንበት ቀን አለው። ያ የሜዳ ቀን ቶሎ ስለሚሞላ ነሐሴ ሳያልቅ ተመዝገቡ። ዕድሜዋ 13 ስለሆነ ወረቀቱን ብትይዝም ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሯት መሆን አለበት። አንድ ነገር ደግሞ አስብ፦ አብሯችሁ ልሂድ የሚል ዘመድ ካለ፣ ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት የሚሠራው የመሣሪያ ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ ላለ ሰው እንደዚያው አይሠራም። ሳታጣራ ጠመንጃ አታስይዘው።

ለመጀመሪያው ዓመት ለሁለታችሁ አንድ ጠመንጃ ይበቃል። እሷ ጠመንጃውን፣ አንተ የሩቅ ማያ መነጽሩን ያዙ። አባት የራሱን ጠመንጃ ከያዘ ዓይኑ ከልጁ አፈሙዝ ላይ ይነሳል።

ስለ መሣሪያው ምርጫ ሱቅ ውስጥ ብዙ ይነግሩሃል። ለእሷ ሁለት ነገር ብቻ ተመልከት፦ ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ምትና የሰደፉን ርዝመት። ባለ .243 ወይም 6.5 ክሪድሙር የሚባለው የጥይት ዓይነት ለአጋዘን ይበቃል፣ ትከሻም አይሰብርም። ሰደፉን ለመለካት ክንዷን አጥፋ ጫፉን ክርኗ ውስጥ ታስደግፈው፤ የሌባ ጣቷ ምላጩ ላይ ያለ ችግር መድረስ አለበት። ሰደፉ ከረዘመ አንገቷን ወደ ፊት ትመዝዛለች፣ ዓይኗ ወደ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ይጠጋል፣ ሲተኮስም የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቧን ይፈነክታታል። በዓይኗና በመነጽሩ መካከል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይኑር። ጥይቱን ከመዳብ የተሠራ ግዛ። እርሳሱ አጥንት ሲመታ ይበጣጠስና በዓይን የማይታይ ፍርፋሪው ከቁስሉ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይገባል፤ ያንን ሥጋ የሚበሉት ደግሞ ልጆችህ ናቸው።

ልምምዱን በትልቁ ጠመንጃ አትጀምሩት። ትንሽ ጥይት በሚጎርሰው በባለ .22 ይሁን፣ ጆሮ መሸፈኛና የዓይን መከላከያ ከመጀመሪያዋ ጥይት ጀምሮ ሳይለይ። ጀማሪን የሚያበላሸው ድንጋጤ ነው፦ ምቱን ፈርታ ምላጩ ሳይሳብ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ትከሻዋንም ትገፋለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንተ አጉርስላት፤ አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ መለማመጃ፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ከዘለለ ፈርታለች ማለት ነው፤ ወደ .22ቱ መልሳት። ትልቁን ጠመንጃ በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ በ100 ያርድ፣ 91 ሜትር ገደማ፣ ካስተካከልከው በኋላ ከጠረጴዛው አስነሣት። ጫካ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። መሬት ተቀምጣ፣ በሦስት እግር መደገፊያ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሳህን ላይ ትተኩስ። አምስቱንም ጥይት ሳህኑ ውስጥ የምታስገባበት ርቀት የእሷ ልክ ነው። 60 ያርድ ከሆነ 60 ነው፤ አጋዘኑ 80 ላይ ቢቆም አትተኩስም።

ቤት ውስጥ ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ይቆለፍ፣ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ ጠመንጃ መተው በሚኒሶታ ሕግ ያስከስሳል።

ቦታ ፍለጋውን ከመስከረም ጀምሩት። የግል መሬት ከሆነ ባለቤቱን ፊት ለፊት ጠይቅ፣ ማክዳንም ይዘሃት ሂድ፤ ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው ገበሬው ልቡ ይራራል። ካልሆነ ለአደን የተከለለ የሕዝብ መሬት ሞልቷል። የምትፈልጉት እርሻና ጫካ የሚገናኙበትን ጠርዝ፣ የኦክ ፍሬ የረገፈበትን፣ ዱካ የበዛበትን ነው። ወንዱ በቀንዱ የላጠውን ቀጭን ዛፍና በኮቴው የጫረውን መሬት አሳያት። ልጡ እርጥብ ከሆነ ሰሞኑን አልፏል፣ ከደረቀና ከጠቆረ ቆይቷል። በጠጡም እንደ ፍየል ስለሆነ ለአንተ አዲስ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ነፋሱ ነው። አጋዘን ዓይኑን ይጠራጠራል፣ አፍንጫውን አይጠራጠርም። የአደን ልብሳችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ ከወጥ ቤት አርቃችሁ አስቀምጡ፤ የተቁላላ ሽንኩርት፣ የእጣንና የቡና ጭስ የጠጣ ጃኬት ከሩቅ ይናገራል። ሆኖም ሳሙና ነፋስን አይተካም። ትንሽ ዱቄት በጠርሙስ ያዙና በየጊዜው እፍ በሉት፤ ወደ ምትጠብቁት አቅጣጫ ከሄደ ተነሥታችሁ ቦታ ቀይሩ። ኮረብታ ባለበት ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ከላይ፣ ማታ ከታች ተቀመጡ።

ዛፍ ላይ የሚወጣበትን መቀመጫ ለዚህ ዓመት ተወው፤ አዳኝን ከጥይት ይልቅ መውደቅ ብዙ ጊዜ ይጎዳዋል። መሬት ላይ፣ ከጀርባችሁ የሚሰፋ ግንድ ተደግፋችሁ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ኮፍያና ከወገብ በላይ ልብስ ግዴታ ነው። አጋዘኑ ያን ቀለም እኛ እንደምናየው ስለማያየው አትስጉ። ከውስጥ ጥጥ አትልበሱ፤ ላብ ከነካው አይደርቅም፣ ያበርዳል። ሱፍ ይሻላል። ካልሲ ደርባችሁ ጫማው ከጠበበ እግር ይደነዝዛል። ስንቁ ጭኮ ወይም በሶ ይሁን። ዳቦ ቆሎ ግን አደራህን፣ በዚያ ጸጥታ ማክዳ አንዷን ስትቆረጥም ጫካው ሁሉ ይሰማታል።

መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት ለጀማሪ እከለክላለሁ፤ በጨለማ ደም መከተል ለእናንተ አይሆንም።

አሁን ዋናው። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ወይም ትንሽ ወደ ወዲያ ዞር ብሎ፣ ቆሞ፣ ከኋላው አፈር ሲኖር ብቻ ነው የሚተኮሰው። ጉብታ አናት ላይ ከሰማይ ጋር ቆሞ ከታየ አይተኮስም፤ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ አታውቁም። ፊት ለፊት፣ ሲሮጥ፣ ጭንቅላት ላይ አይተኮስም። ጎን ለጎን ሲቆም የፊት እግሩን ከኋላ በኩል ተከትላ ትውጣ፤ ከደረቱ ሥር የሰውነቱን ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ሳንባውና ልቡ እዚያ ናቸው። ዞር ካለ በወዲያኛው በኩል ያለውን የፊት እግር ታስብ። ሴፍቲው (የጠመንጃው መጠበቂያ ቁልፍ) የሚከፈተው አንተ «እሺ» ስትላት ነው፣ ጣቷ ምላጭ ላይ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። አልተኩስም ካለች አትጎትጉታት፤ ጠመንጃውን አውርዳ ትመልከተው።

ከተኮሰች በኋላ ወዲያው ሌላ አቀባብላ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቅ። የቆመበትንና የተሰወረበትን ቦታ በዛፍ ምልክት ያዙ። ከዚያ ቁጭ በሉ፤ ወድቆ ካላያችሁት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያበላሸው። የተመታ አጋዘን ካልተከተሉት በቅርብ ይተኛል፤ ከተከተሉት ግን ኃይሉ እስኪያልቅ ይሮጣል። ቦታው ስትደርሱ ደሙን እዩ። ደመቅ ያለ፣ አረፋ የያዘ ከሆነ ሳንባ ነው፣ ሩቅ አይሄድም። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ሰዓታት ተዉት። አረንጓዴ ነገርና የፈርስ ሽታ ካለ ሆዱ ተመትቷል፤ ስድስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሳትነኩት ቆዩ። ስትከተሉ የደሙን መስመር አትርገጡ፣ በጎኑ ሂዱ፤ ባያችሁት ደም ሁሉ ላይ ቁራጭ ሶፍት ጣሉ። ደሙ ሲጠፋባችሁ ወደ ኋላ ዞራችሁ የሶፍቱን ሰልፍ እዩት፣ የሄደበትን አቅጣጫ ይነግራችኋል። ስታገኙት ከኋላው ቅረቡና ዓይኑን በረጅም እንጨት ንኩት። ካርገበገበ አልሞተም። ማክዳ ብታለቅስ አትደንግጥ፣ ፎቶም አታስቸኩላት።

ፈቃዱ ላይ የታዘዘውን ምልክት እዚያው አድርጉ፣ ምዝገባውም በ48 ሰዓት ውስጥ ይጠናቀቅ።

ከዚህ በኋላ የቢላዋው ሥራ ነው። ስለቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ረጅም ቢላዋ የማይፈለገውን ይበሳል። ጓንት አድርጉ። በጀርባው አጋድማችሁ ፊንጢጣውን ዙሪያውን ቆርጣችሁ በሲባጎ እሰሩት። ከዚያ ሆዱን ከታች እስከ ፍርምባው ክፈቱ፤ ስለቱ ወደ ላይ፣ የግራ እጅ ሁለት ጣቶች ከሥሩ ሆነው ጨጓራውን ወደ ታች ይጫኑ። እዚህ ላይ ተቻኩሎ ጨጓራ የበሳ ሰው ሥጋውን ፈርስ አጠጣ ማለት ነው። ሳንባን ከሆድ የሚለየውን ስስ ሥጋ ዙሪያውን ቁረጡ፣ ክንዳችሁን አስገብታችሁ የመተንፈሻ ቱቦውን ከላይ በጥሱና ሁሉንም በአንድ ላይ ሳቡት። ፊኛው እንዳይፈስ በጣት ጨብጣችሁ አውጡት። ደሙን አንጠፍጥፋችሁ ደረቱን በእንጨት ከፍታችሁ ይቀዝቀዝ። ሥጋ የሚያበላሸው ሙቀት ነው፤ ቶሎ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረድ አለበት።

አጋዘንን የሚያጠቃ፣ አንጎሉን እየበላ የሚገድለው በሽታ እዚያ አገር አለ። በመመሪያው ላይ ናሙና የሚወሰድበትን አካባቢ እይና ጭንቅላቱን ስጥ፤ ውጤቱ ሳይመጣ አትብሉ። አንጎልና አከርካሪ በቢላዋ አትንኩ፤ ሥጋውን ከአጥንት እየለያችሁ አውጡ።

አውቅሃለሁና ልንገርህ፦ ጥሬውን አትቁረጥ፣ ክትፎም አይሆንም። የዱር ሥጋ ነው፤ የተፈጨው እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይብሰል፣ ፍሪዘር ውስጥ መክረሙም ባክቴሪያን አይገድልም። ቋንጣ ካማራችሁ ዘልዝላችሁ ከማድረቃችሁ በፊት በምድጃ እዚያ ሙቀት ላይ አድርሱት። ሆድ ዕቃው ወጥቶ 45 ኪሎ የሚመዝን አጋዘን 20 ኪሎ አካባቢ ንጹሕ ሥጋ ይሰጣል። ጭቅናው ለፈጣን ጥብስ፣ ወርቹ ለወጥ፣ ታፋው ለቋንጣ ይሁን። ሞራውን በሙሉ ግፈፉት፤ አፍ ላይ ይረጋል፣ ጣዕሙም አይወደድም። ሥጋው ስብ ስለሌለው ንጥር ቅቤ አትሰስቱበት።

አደኑ የሚከፈተው ለኅዳር 6 በፈረንጆቹ በሚቀርበው ቅዳሜ ነው፤ በእኛ ጥቅምት መድኃኔ ዓለም አካባቢ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ትኩሱን ለመብላት ያላችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ የናሙናው ውጤት ከዘገየ ደግሞ ያነሰ። ቀሪውን አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ፣ የብልቱን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ለገና አስቀምጡ። በጥይት የወደቀውን ስለመብላት እናትህ ጠይቃኛለች፤ እኔ ካህን አይደለሁምና የንስሐ አባትህን አማክር።

በሶውን ከመስቀል በፊት በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ማክዳን ሳምልኝ።

አባትህ