ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፦ የተፈናቃዮች መመለሻ ጊዜ በመንቀጥቀጥ ቁጥር ብቻ አይወሰን

የተከበሩ ኮሚሽነር፣

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ለወራት መሬት ስትናጥ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የደረሰ ርዕደ መሬት ተመዝግቧል። በዶፈን አቅራቢያ እንፋሎትና ጭቃ ሲፈነዳ አይተናል፤ ከአፋርና ከኦሮሚያም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። ያን ጊዜ ከሁሉም አፍ የሚሰማው «ዋናው አለፈ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ጥያቄው የሚጠበቅ ቢሆንም ለዚያ አካባቢ የሚሠራ አይመስለኝም።

በስምጥ ሸለቆው ወለል ሥር ያለው ሊቶስፌር (ጠንካራው የምድር ውጫዊ ሽፋን) ከደጋው ይልቅ ስስና ሞቃት ነው። ሙቀቱ ጥልቁን አለት ስለሚያለዝበው፣ ውጥረት አጠራቅሞ ድንገት ሊሰበር የሚችለው በአመዛኙ የላይኛው ክፍል ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ መንቀጥቀጡ ብዙውን ጊዜ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ግን ለመሬት ገጽ የቀረበ ነው። በአንጻሩ ሊቶስፌሩ ወፍራምና ቀዝቃዛ በሆነበት በምዕራባዊው የስምጥ ሸለቆ ክንፍ፣ በታንዛንያ በሩክዋ ሐይቅ አካባቢ በ1903 ዓ.ም. ከ7 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት ደርሷል። በእኛ በኩል ደግሞ ቅልጥ አለት ስንጥቁን ሰርጎ ሲገባ፣ አንድ ትልቅና እየደከሙ የሚሄዱ ተከታዮቹ ሳይሆኑ፣ በመጠን የተቀራረቡ ብዙ መንቀጥቀጦች በመንጋ ይመጣሉ።

በአፋር የሚገኘው የዳባሁ እሳተ ገሞራ ታሪክ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የምድር ክፍል ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ጋብ ሲል ያበቃ ይመስል ነበር፤ ሆኖም እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ቅልጡ ከአሥር ጊዜ በላይ ተመልሶ ሰርጓል፤ በየመካከሉም ወራት የፈጀ ጸጥታ ነበር።

ስለሆነም ተፈናቃዮችን ለመመለስ የሚሰጠው ውሳኔ የዕለቱን የመንቀጥቀጥ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሳተላይትና በጂፒኤስ የሚለካውን የመሬት እብጠትና መንሸራተት እንዲመለከት እጠይቃለሁ። ልኬቱን ማንበብ የሚችሉ ባለሙያዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ተቋም ውስጥ አሉ። ትንታኔያቸው በአፋርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በየሳምንቱ ቢወጣ፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው «ነገ ይመጣል» እያለ ሕዝቡን የሚያስደነግጠው ትንቢተኛ ሁሉ ገበያ ያጣ ነበር። ከዚህ ጋር መንቀጥቀጡ በነበረበት አካባቢ ያለው የከሰም ግድብ የፍተሻ ውጤት ከግድቡ በታች ለሚኖረው ሕዝብ በቅድሚያ እንዲገለጽ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር