በርበሬዬን በምን ልስጥ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ባልትና እሸጣለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። 17 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት ፌስታል ከእጄ እንደወጣ ሳስበው ይከብደኛል። ክረምት ቀሃ ሞልቶ ሲጎድል ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀረው እሱ ነው። ቀሃ ደግሞ ለእኛ ዝም ብሎ ወንዝ አይደለም። ለጥምቀት የፋሲለደስን መዋኛ የምንሞላው ከእሱ ነው። ከዚያ ወደ መገጭ፣ ከመገጭ ወደ ጣና ይወርዳል።

የ2017ቱ አዋጅ ፌስታልን ሲከለክል ደስ ብሎኛል። ግን ደንበኛዬ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ስትለኝ በምን ልስጣት? በወረቀት ከሆነ ቅባቱ ያልፍና ነጠላዋን ያበላሽባታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም የማይበሰብስ ከሆነ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያለውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ስሱ ፌስታል ግን ከገበያችን ጠፍቶ አያውቅም። ምትክ ስላልነበረ ይመስለኛል።

የእህቴ ልጅ ኬሚስትሪ ተምራለች። «ከድንች ስታርች ይሠራል» አለችኝ። ስታርች የምትለው እናቴ አሚዶ እያለች የአባቴን ኮሌታ የምታደርቅበትን ነው። ጥቅምት ላይ ከዳባት የመጣ ድንች 4 ኪሎ ገዛን፤ ሰው የማይመርጠውን ጥቃቅኑን። ፍቀን በውሃ አጠብነውና ውሃውን አሳደርነው። ጠዋት ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል። ቡላ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ያንን በውሃ በጥብጠን፣ ጥቂት አቼቶና ከፋርማሲ የገዛነውን ግሊሰሪን ጨምረን እሳት ላይ አማሰልነው። መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ሲሞቅ ይጠራና እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ትሪ ላይ አሳስተን አፈሰስነው። በሁለተኛው ቀን ሙሉውን ተላጠ፤ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ።

ግሊሰሪን ያልገባበት እንደ ድርቆሽ ተሰባበረ። የበዛበት እጅ ላይ ተጣበቀ። ልኩን ያገኘነው በአራተኛው ሙከራ ነው። ጠርዙን በውሃ አርሰን አጣበቅንና በርበሬ ሞላንበት። በጋውን ሙሉ ቆየ። ቅባቱ ጠብ አላለም! ሐምሌ ሲገባ ግን ለሰለሰ፣ ጥጉም ሻገተ። ስታርች ቅባት ይችላል፣ ጠላቱ ውሃ ነው። ሰም የቀባነው ይሻላል፣ ግን እሱም ዝናብ አይችልም። ፋብሪካዎች ሌላ የሚበሰብስ ነገር ቀላቅለው ነው የሚያጠነክሩት። ጣሊያን አገር ኖቫሞንት የሚባል ድርጅት ስታርች ያለበት የገበያ ከረጢት መሥሪያ ጥሬ ዕቃ ማምረት ከጀመረ ቆይቷል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንድ ነጋዴ «የሚበሰብስ ነው» ብሎ ፌስታል ሸጦልኝ ነበር። ጓሮ ጌሾው ሥር ቀበርኩት። ከወራት በኋላ ሳወጣው ብትንትን ብሏል እንጂ አልበሰበሰም። አፈሩ በብጥስጣሽ ተሞልቷል። ይህ ከድሮው ይብሳል፤ ድሮ ቢያንስ ለቅመን እናወጣው ነበር። የድንቹንም እዚያው ቀበርኩት። በአምስተኛው ሳምንት ፈልጌ አጣሁት።

የምለምነው ይህን ነው። ውሃ የሚችል እስኪገኝ አንጠብቅ። ሥጋውና እርጎው ይቆይ፣ በደረቁ እንጀምር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ቅመም። ድንች ለሰው ምግብ ነው የሚለኝ አለ፤ ልክ ነው። ስለዚህ በዶማ የተቆረጠውንና ገበያ የማይወጣውን እንጠቀም።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወይም ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ሱቄ ለሙከራ ክፍት ነው። በርበሬው አለ፣ ሚዛኑ አለ፣ ደንበኛውም አለ። አንድ ክረምት ሙሉ እኔ ጋ ይፈትኑት። ከፌስታሉ ትንሽ ቢወደድም እገዛለሁ።

የባልትና ነጋዴ፣ ከጎንደር