ጥናቱን ለዜና ሰው እናድርስ፦ የድጋፍ ጥሪ

«የዋጋ ንረት ቀነሰ» የሚል ዜና ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ሁሌም አንድ ነው፦ «የት ገበያ ነው የቀነሰው?» አንባቢው አልተሳሳተም። ዜናው ሳይነግረው የቀረ ነገር አለ። ካቻምና 100 ብር የነበረ ዕቃ ዓምና በ30 በመቶ ጨምሮ 130 ገባ እንበል። ዘንድሮ ንረቱ ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ዕቃው 156 ብር ይሆናል። ንረቱ ቀንሷል፣ ዋጋው ግን ጨምሯል። ይህችን ሁለት መስመር ቢጨምርባት ጋዜጠኛውም ከስድብ ይድን ነበር።

ጋዜጠኛውን መውቀስ ቀላል ነው። በቀን ሦስት አራት ዜና የሚጠበቅበት ልጅ መግለጫ ላይ የተሰጠውን ቁጥር ከመገልበጥ ውጪ ፋታ የለውም። ፋታ ቢያገኝም ጥናቱን አያገኘውም። ስለ እኛው ጤናና ስለ እኛው ኑሮ የተሠራው ምርምር አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙው ደግሞ ካልከፈሉ በማይከፈት መጽሔት ውስጥ ተቆልፏል። አንዱን ለማንበብ 30፣ 40 ዶላር ይጠይቃሉ፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ ካርድ። (በነገራችን ላይ ለአጥኚው ኢሜይል ቢልኩለት ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጥዎታል። ይህ ምክር ክፍያ የለውም።)

እኛ ጥቂት ጋዜጠኞች፣ ሐኪሞች፣ የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ሰዎች ነን። ጥናት እናነባለን፣ በአማርኛ ሁለት ገጽ አድርገን እንጽፋለን። ማን ከፈለበት፣ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ጥናቱ ምን ማለት አይችልም የሚለውንም እናክልበታለን። ለመንግሥትም፣ ለግልም፣ ለማኅበረሰብ ሬዲዮም በነፃ ነው።

አንድ እናሳያችሁ። እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገመተ። ቁጥሩ ለዓመታት በየዜናው ተመላለሰ። ጥናቱ ግን እዚያው ጎኑ ላይ ትክክለኛው ከ273 እስከ 551 ባለው ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ሆስፒታል ለሆስፒታል ተዙሮ የተቆጠረ አይደለማ! ሴቶች ስለ እህቶቻቸው ተጠይቀው የተሰላ ግምት ነው። እ.ኤ.አ. የ2011ዱ 676 ነበር፤ የሱም ወሰን ከ541 እስከ 810 ነው። ሁለቱ ወሰኖች የሚነካኩት ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሞቱ መቀነሱን መጻፍ ይቻላል። ከ676 ላይ 412 ቀንሰን «ልክ 264 እናት ተረፈ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ለምን? ሐኪሞቹና ኢኮኖሚስቶቹ የሚያነቡት በነፃ ነው። ማጠቃለያውን ቁጭ ብለው የሚጽፉትን ሁለት ወጣቶች ግን በ«እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ማሠራት ነውር ነው። ከአዲስ አበባ ውጪ ላሉ የሬዲዮ ዘጋቢዎች የምንሰጠው ሥልጠናም የመጓጓዣና የአዳራሽ ወጪ አለበት።

ከፓርቲ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ጥናቱን ከምናነብለት ድርጅትም አንቀበልም። ዛሬ ከከፈለን ነገ «ይህ ጥናት ደካማ ነው» ለማለት አፋችን ይታሰራል። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣነው። በወር 200 ብር የሚሰጡ ብዙ ሰዎች ከአንድ ባለጸጋ ይሻሉናል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፣ 10 ዶላር ብትልኩ ደስ ይለናል። በሙያችሁ ነርስ፣ ሐኪም ወይም የስታቲስቲክስ ባለሙያ ከሆናችሁ ግን በወር አንድ ጽሑፍ ብታነቡልን ከገንዘቡ ይበልጥብናል።

የሒሳብ ቁጥሩን የሚቀበሉት በአካል ከሚያውቁት አስተባባሪ ብቻ ይሁን። በቴሌግራም ዝም ብሎ የሚላክልዎት ቁጥር የእኛ አይደለም። ገቢና ወጪውን በየሦስት ወሩ እናወጣለን። ስማቸው እንዲነሳ የማይፈልጉ ሰጪዎችን ስም አንጠቅስም። ከ10,000 ብር በላይ የሰጠ ግን ስሙ የግድ ይወጣል፤ ያን ካልፈለገ ገንዘቡን እንመልስለታለን።